የማይክሮን ቁጥር ብቻውን አይበቃም፦ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስለ ፈሳሽ ማጣሪያ ከረጢት አመራረጥ

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያና ማጠናቀቂያ ፋብሪካ ውስጥ ፈሳሽ የሚጣራው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከጉድጓድ የተቀዳው ውኃ ወደ ማቅለሚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት አሸዋው ይለያል፤ ጥጥን ለማለስለስና ለማጠንከር ያገለገለው ኮስቲክ ሶዳ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል የጥጥ ብናኙ ይወጣለታል፤ የታከመው ፍሳሽም ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን ከመድረሱ በፊት ይጣራል። በሦስቱም ቦታዎች የማጣሪያ ከረጢት ሊያገለግል ይችላል፤ ይኸውም በብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ፈሳሹ ከውስጥ ወደ ውጭ እያለፈ ጠጣሩን የሚያስቀርበት መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መልክ አንድ መሆኑ ግን ምርጫውንም አንድ አያደርገውም።

የግዥ መጠየቂያ የማይክሮን ቁጥርና የከረጢት መጠን ብቻ ይዞ ሲወጣ፣ አቅራቢዎች የሚወዳደሩት በዋጋ ብቻ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው እንዲህ ያለው አሠራር ቁጠባ መስሎ የሚታይ ብክነት መሆኑን ነው። የከረጢት ምርጫ መነሳት ያለበት ከፈሳሹ፣ ከጠጣሩ ባሕርይና ከማጣሪያው በኋላ ካለው መሣሪያ እንጂ ከዋጋ ዝርዝር አይደለም።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በከረጢት ላይ የሚጻፈው የማይክሮን ቁጥር ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። «ኖሚናል» የሚባለው አመዳደብ ከረጢቱ በዚያ መጠን ካሉ ቅንጣቶች የተወሰነውን ክፍል እንደሚይዝ ያመለክታል፤ ያ ክፍል ስንት መሆን እንዳለበት ግን ሁሉንም አምራቾች የሚያስገድድ አንድ ወጥ መለኪያ የለም። «አብሶሉት» የሚባለው ደግሞ በተገለጸ የሙከራ ሁኔታ የተረጋገጠ ከፍተኛ የመያዝ ብቃትን ያመለክታል።

ልዩነቱን በግልጽ የሚያሳየው የቤታ ምጣኔ ነው። ይህ ምጣኔ ወደ ማጣሪያው የደረሱት ቅንጣቶች ብዛት አልፈው ለወጡት ቅንጣቶች ብዛት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። 5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,000,000 ቅንጣቶች ወደ ማጣሪያው ቢደርሱ፣ በዚህ መጠን ቤታው 2 የሆነ ከረጢት 500,000 ያሳልፋል፤ ቤታው 10 የሆነው 100,000 ያሳልፋል፤ ቤታው 5,000 የሆነው ግን 200 ብቻ ያሳልፋል። በሦስቱም ላይ «5 ማይክሮን» የሚል ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ለጉድጓድ ውኃ የመጀመሪያው ይበቃ ይሆናል፤ ለሜምብሬን ግን አይበቃም።

የጠጣሩ ቅርጽም ከቁጥሩ ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። አሸዋ ጠንካራ በመሆኑ ከአንድ ክር የተሠራ የናይለን መረብ በቀላሉ ይይዘዋል፤ መረቡም ታጥቦ ደግሞ ሊያገለግል ይችላል። የጥጥ ቃጫ ግን ስፋቱ ከ12 እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ሆኖ ሳለ ርዝመቱ በሚሊሜትር የሚለካ ነው። ስለዚህ በ25 ማይክሮን መረብ ፊት በአግድሙ ሲቆም ይያዛል፤ በቁመቱ ሲመጣ ያልፋል። እንዲህ ላለው ጠጣር ቅንጣቱን በውፍረቱ ውስጥ እያጠላለፈ የሚያስቀረው ፌልት የተሻለ ነው።

ጨርቁና ፈሳሹ

ሁለተኛው ጥያቄ ከረጢቱ ራሱ ፈሳሹን ይቋቋማል ወይ የሚለው ነው። ፖሊስተር ሙቀትን በመቻሉ የታወቀ ቢሆንም፣ ሞለኪውሎቹን የሚያያይዘው የኤስተር ትስስር በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ይበጠሳል። የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪው ራሱ ይህን ባሕርይ የፖሊስተር ጨርቅን ለማሳሳትና ለማለስለስ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። ጨርቅን ለማሳሳት የሚያገለግለውን ኬሚካል በፖሊስተር ከረጢት ለማጣራት መሞከር እንግዲህ ከረጢቱንም ለዚያው ሂደት አሳልፎ መስጠት ነው።

ናይለን አልካሊን በመልካም ሁኔታ ይቋቋማል፤ ጠንካራ አሲድ ግን ይጎዳዋል። በመሆኑም ፍሳሹን ለማመጣጠን አሲድ በሚጨመርበት ቦታ ለጉዳት ይጋለጣል። ፖሊፕሮፒሊን አሲድንም አልካሊንም በአብዛኛው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሙቀት ገደቡ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጠንካራ ኦክሳይድ አድራጊ ኬሚካሎችም ያዳክሙታል። ለሁሉም ነገር የሚሆን ጨርቅ የለም። ፋብሪካው የፈሳሹን ዓይነት፣ ክምችትና ሙቀት ካልገለጸ አቅራቢው ትክክለኛውን ሊያቀርብ የሚችለው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

ትንሿ ክፍተት

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የከረጢቱ አፍ ነው። ቤታው 5,000 የሆነ፣ ማለትም 99.98 በመቶ የሚይዝ ከረጢት ተገዝቶ፣ የአፉ ቀለበት ከማቀፊያው ጋር በደንብ ባለመግጠሙ ከፈሳሹ 1 በመቶው በጎን ቢያልፍ፣ ከ1,000,000 ቅንጣቶች 10,000 ያህሉ ሳይጣሩ ያመልጣሉ። በከረጢቱ በኩል ከሚያልፉት 198 ጋር ሲደመሩ 10,198 ይሆናሉ። ይህም ከሚጠበቀው 200 ከ50 እጥፍ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ለውድ ጨርቅ የተከፈለውን ገንዘብ አንድ ያልገጠመ ቀለበት ያስቀረዋል። በክር የተሰፋ ከረጢትም የመርፌ ቀዳዳዎቹ ከተጻፈው ማይክሮን ሊሰፉ ስለሚችሉ፣ ጥራት ወሳኝ በሆነበት ቦታ ስፌቱ በሙቀት የተበየደ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የስፋት ስሌት

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ፈሳሽ በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚኖረው ግንኙነት የሚናገር ነው፤ ለከረጢትም ያገለግላል። ፍሰቱ ሳይቀየር፣ የሚጠራቀመው ደለል በግፊት የማይጨመቅ ከሆነና የጨርቁ የራሱ መቋቋም ትንሽ ከሆነ፣ ከረጢቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚጣራው ፈሳሽ መጠን ከማጣሪያው ስፋት ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በአንድ ከረጢት ምትክ ሁለት ጎን ለጎን ቢሠሩ እስከሚቀየሩ ድረስ የሚያጣሩት ፈሳሽ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ከረጢትም ሁለት እጥፍ ሥራ ሠርቶ ይጣላል። በተግባር ደለሉ የሚጨመቅ በመሆኑ ውጤቱ ከስሌቱ ሊለይ ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በየጊዜው ርካሽ ከረጢት ከመፈለግ ይልቅ አንድ ጊዜ ሰፋ ያለ ማቀፊያ መትከል የዓመቱን የከረጢት ፍጆታ ሊቀንስ ይችላል።

ጥቅሙ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ከረጢት በተቀየረ ቁጥር አንድ ሠራተኛ ማቀፊያውን ከፍቶ በኮስቲክ ሶዳ የራሰ ጨርቅ ያወጣል። የቅያሬው ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ ለቃጠሎ የሚጋለጥበት አጋጣሚም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ተቃውሞዎችና ምላሽ

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው፤ ብቃቱ የተረጋገጠ ከረጢት ከተራው ይወደዳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንጽጽሩ መሆን ያለበት በአንድ ከረጢት ዋጋ ሳይሆን በተጣራው አንድ ሜትር ኩብ ፈሳሽ ወጪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በመዳከሙ፣ ከውጭ የሚገባ ሜምብሬን ያለጊዜው መተካት የሚያስከትለው ወጪ ይበልጥ ከብዷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ አካባቢ ሳይለቅ አክሞ መልሶ ለመጠቀም ታቅዶ መገንባቱ እንደሚያሳየው፣ ሜምብሬን የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ አካል ሆኗል። ስለዚህ ከፊቱ የሚቀመጠው ከረጢት እንደ ተራ አላቂ ዕቃ ሊታይ አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመፈተኛ መሣሪያ እጥረት ነው። የቅንጣት መቁጠሪያ ውድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ለመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ የማጣሪያ ወረቀት፣ ማድረቂያ ምድጃና ስሱ ሚዛን ይበቃሉ፤ ከከረጢቱ በፊትና በኋላ ከተቀዱ ናሙናዎች የተገኘው ደረቅ ጠጣር ክብደት ልዩነት የከረጢቱን ጠቅላላ ብቃት ይናገራል። ሁለት የግፊት መለኪያዎች ከተጨመሩበት የዕድሜውም መረጃ ይገኛል። እነዚህ መሣሪያዎች በብዙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ያሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

የግዥ መጠየቂያ ቢያንስ የፈሳሹን ዓይነትና ክምችት፣ ሙቀቱን፣ ፍሰቱን፣ የጠጣሩን ዓይነትና መጠን፣ የሚፈለገውን የመያዝ ብቃት እንዲሁም የአፍ ቀለበቱንና የስፌቱን ዓይነት ሊይዝ ይገባል። ይህን ለመሙላት የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በፋብሪካው የምርት ክፍል እጅ ያለ ነው፤ የጎደለው ከግዥ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ቅጽ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በበኩላቸው ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲመርጡ ገበያ ላይ ያሉ ከረጢቶችን በእውነተኛ የፋብሪካ ፈሳሽ ፈትኖ ማወዳደርን ሊያስቡበት ይገባል። ሥራው በአነስተኛ ወጪ ሊጠናቀቅ የሚችል ነው፤ ውጤቱም በማግስቱ በአንድ ፋብሪካ የግዥ ሰነድ ላይ ሊሰፍር ይችላል።