ጉርሻ ደመወዝ አይደለም፦ በክሩዝ መርከብ ላይ እጁን የዘረጋው ማን ነው?

በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ለእረፍት በክሩዝ መርከብ የሚጓዙ አሉ። ከሚያሚ ወይም ከጋልቨስተን ይሳፈራሉ፣ ባሃማስን ወይም ሜክሲኮን አይተው በሳምንቱ ይመለሳሉ። ሲመለሱ፣ ከባሕሩና ከቡፌው ወሬ ቀጥሎ የማይቀር አንድ ምሬት አለ፦ «ቲፕ፣ ቲፕ እያሉ አሰለቹን! የከፈልነው አይበቃም እንዴ?»

ምሬቱ መሠረት አለው። በአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ከትኬቱ ዋጋ ውጪ በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ የአገልግሎት ጉርሻ ያስባሉ። የስድስት ዓመት ልጅም እንደ አዋቂ ይታሰብበታል። በቀን 18 ዶላር ቢሆን፣ አራት ሆኖ ለሰባት ሌሊት የሚጓዝ ቤተሰብ 504 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው። መጠጥ ሲታዘዝ ደግሞ ከ18 እስከ 20 በመቶ ለብቻው ይታከላል።

ይህ ሁሉ ተከፍሎም አያበቃም። የጉዞው መጨረሻ ሲቃረብ አስተናጋጁ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ማውራት ይጀምራል። የመጨረሻዋ ምሽት ላይ ደግሞ ጎንበስ ብሎ «የአስተያየት መጠይቅ ይላክላችኋል፤ እባካችሁ 10 ስጡኝ፣ 9 ለእኔ እንደ ዜሮ ነው» ይላል። ተሳፋሪው ይሸማቀቃል፤ ቦርሳውን ይዳብሳል፤ ከዚያ ይናደዳል።

የሚናደደው ግን ፊት ለፊቱ በቆመው ሰው ላይ ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚያ መርከብ ላይ የሚለምነው ኩባንያው ነው። የሚለምነው ግን በሠራተኛው እጅና በሠራተኛው ፊት ነው።

◾️ ሂሳቡ ምን ይላል?

ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ያስጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለ መርከብ፣ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ሲሰላ፣ 5,610 ተሳፋሪ ይይዛል። ሠራተኞቹ 2,350 ናቸው። በሰው በቀን 18 ዶላር ቢታሰብ በአንድ ቀን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ፣ በሳምንት ከ700 ሺህ ዶላር በላይ በጉርሻ ስም ይሰበሰባል። በየሳምንቱ ሳይቋረጥ፣ በተመን፣ በእያንዳንዱ ሰው ሂሳብ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ጉርሻ መባሉ ለስሙ ነው። ይህ የደመወዝ መዝገብ ነው፤ የሚሞላው ግን ከአሠሪው ኪስ ሳይሆን ከተሳፋሪው ኪስ ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉት ቸግሯቸው አይደለም። የካርኒቫል ኮርፖሬሽን ገቢ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ እስከዚያ ድረስ ከነበረው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ሮያል ካሪቢያን በዚያው ዓመት ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ አስመዝግቧል።

ታዲያ ለምን በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አያካትቱትም? ምክንያቱ ማስታወቂያው ነው። «ሰባት ሌሊት በ599 ዶላር» ተብሎ የተለጠፈ ጉዞ ጉርሻው ተደምሮበት በ725 ዶላር ቢለጠፍ፣ ገዢው ዞር ብሎ የተፎካካሪውን ዋጋ ያያል። ስለዚህ የሠራተኛው ደመወዝ ከማስታወቂያው ላይ ይነሣና ተሳፋሪው ከከፈለ በኋላ በሌላ በር ይገባል። በዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝና ክፍሎች ባዶ ሲሆኑ የሚሰበሰበው ጉርሻ ይቀንሳል፣ ሥጋቱም ወደ ሠራተኛው ይዞራል።

◾️ ባንዲራው የማን ነው?

«እንዲህ ያለ ነገር በአሜሪካ ሕግ እንዴት ይፈቀዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ መርከቡ ላይ ከተሰቀለው ባንዲራ ይጀምራል።

የሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤት ሚያሚና አካባቢዋ ነው። በወረቀት ግን ካርኒቫል ለአሥርተ ዓመታት ተመዝግቦ የኖረው በፓናማ፣ ሮያል ካሪቢያን በላይቤሪያ፣ ኖርዌጂያን ደግሞ በቤርሙዳ ነው። መርከቦቻቸው በአብዛኛው የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የቤርሙዳን ባንዲራ ይሰቅላሉ። መርከብ ውስጥ ያለውን የሥራ ግንኙነት በዋናነት የሚገዛው ደግሞ የባንዲራው አገር ሕግ ነው።

የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በአሜሪካ ባንዲራ ሥር በሌለ መርከብ ላይ የሚሠሩትን አይመለከትም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ በውጭ ባንዲራ ሥር ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች እንደማይደርስ ወስኗል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ጥበቃ ቢሰጥም፣ የሥራ ሰዓት ጣሪያ በቀን እስከ 14፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት እንዲሆን ይፈቅዳል። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የሚመጡት አስተናጋጆችና ክፍል አጽጂዎች ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር በሚዘልቅ ኮንትራት ሰባቱንም ቀን ይሠራሉ።

ልጇን ወደ ዐረብ አገር የላከች እናት ይህን ዓይነት ውል ታውቀዋለች። በአንድ አገር ይፈረማል፣ በሌላ አገር ይሠራል፣ ክርክር ሲነሣ ግን አቤት የሚባልበት ደጃፍ አይገኝም።

◾️ ከባቡር ወደ መርከብ

ዘዴው አዲስ አይደለም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የጆርጅ ፑልማን ኩባንያ በመኝታ ባቡሮቹ ላይ እንዲያገለግሉ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ቀጠረ። ደመወዙ እጅግ አነስተኛ ነበር፤ የቀረውን ከተሳፋሪ ጉርሻ ፈልጉ ተባሉ። ብዙ ተሳፋሪዎች ሁሉንም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ባሪያ በጌታው ስም እንደሚጠራው። መሳቅ፣ መሽቆጥቆጥ፣ ስድብን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ የሥራው አካል ሆነ፤ ኮስተር ያለ ሰው ጉርሻ አያገኝምና።

እነዚህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። ኩባንያው ውል የፈረመላቸው ከ12 ዓመት ትግል በኋላ፣ በ1937 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የታገሉት ተሳፋሪው ጉርሻ እንዲጨምርላቸው አልነበረም። ደመወዝ ይጨመር፣ የሥራ ሰዓት ይቀነስ ብለው ነው። ከእነርሱ በላይ ጉርሻን የሚያውቅ አልነበረም፤ ጉርሻ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ስለሚያውቁ ደመወዝን መረጡ።

የፑልማን ሠራተኞች ግን በገዛ አገራቸው ሕግ ፊት ቆመው መከራከር ይችሉ ነበር። የዛሬው የክሩዝ አስተናጋጅ ይህ ዕድል የለውም። ኮንትራቱ ካልታደሰ የሚሳፈረው ወደ አገሩ በሚመለስ አውሮፕላን ነው።

◾️ «እኔ እንኳን አስነሣሁት»

በዚህ መሐል ብልጥ ነኝ ባይ ተጓዥ ብቅ ይላል። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ዕለታዊውን የጉርሻ ሂሳብ ማስቀነስ ወይም ማስነሣት ይቻላል። «አስነሥቼ፣ ደስ ላለኝ ሰው በእጄ ሰጠሁ» ብሎ ያወራል። አንዳንዱ ደግሞ አስነሥቶ ለማንም ሳይሰጥ ይወርዳል፤ «ደመወዛቸውን መክፈል የኩባንያው ፈንታ ነው» ይላል።

አነጋገሩ ፍትሕ ይመስላል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው። ዕለታዊው ሂሳብ የሚከፋፈለው ለአንድ አስተናጋጅ ብቻ አይደለም። ከተሳፋሪው ዐይን ርቀው ዕቃ የሚያጥቡ፣ በላውንደሪ ውስጥ አንሶላ የሚተኩሱ ሰዎችም ድርሻ ይኖራቸዋል። ለእነርሱ በእጁ 20 ዶላር የሚሰጣቸው የለም፤ ማንም አያያቸውምና። በአንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ሂሳቡን ካስነሣ ተሳፋሪ በእጅ የተቀበሉትን ገንዘብ ወደ ጋራው ሣጥን እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ። የኩባንያው ባለአክሲዮን ግን የትኬቱን ዋጋ ከጉዞው በፊት ተቀብሏል።

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን ነው። በኩባንያው የተቆጣ ሰው ኩባንያውን ይጠይቅ። ከዕቃ አጣቢው ላይ 18 ዶላር ቀንሶ የፍትሕ ታጋይ መሆን አይቻልም።

◾️ ሦስቱ ማመካኛዎች

አንደኛው «በአገራቸው ከሚያገኙት ይበልጣል» የሚለው ነው። ሊበልጥ ይችላል። ሥራው ግን የሚሠራው በማኒላ ወይም በጃካርታ አይደለም፤ መርከቡ ላይ የሚሸጠው ቢራም በማኒላ ዋጋ አይሸጥም። ቢራውን በሚያሚ ዋጋ የሚሸጥ ኩባንያ ቢራውን የሚያመጣውን ሰው ላብ በድህነቱ ልክ ሊተምን ምን መብት አለው? የሠራተኛው ድህነት የዋጋ ቅናሽ ኩፖን አይደለም።

ሁለተኛው «ጉርሻ ከቀረ አገልግሎቱ ይወድቃል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ኢትዮጵያዊ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የበረረበትን ቀን ያስታውስ። ከአሥር ሰዓት በላይ በሚፈጀው በረራ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሆስተስ ምግብ ታቀርባለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታባብላለች፣ እኩለ ሌሊት ላይ ውኃ ስትጠየቅ ታመጣለች። ሲወረድ በሩ ላይ ቆማ የምትሰናበተው ፖስታ ለመቀበል አይደለም። 10 ካልሰጣችሁኝ ልጆቼ አይማሩም አትልም። ደመወዝ አላት።

ሦስተኛው «ዋጋ ይወደዳል» የሚለው ነው። ገንዘቡ ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚለወጠው የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ነው። ደግሞም ተሞክሯል። ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዕለታዊውን የጉርሻ ሂሳብ አስቀርቶ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አካቷል። ማሬላም ጉርሻውን በዋጋው ያካትታል፤ ቨርጂን ቮዬጅስም ቀደም ሲል ያካትት ነበር። ከሁሉ የሚገርመው የፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ባለቤት ራሱ ካርኒቫል ኮርፖሬሽን መሆኑ ነው። በሳውዝሃምፕተን የተቻለው በሚያሚ የማይቻለው ለምንድን ነው? የብሪታንያ ተሳፋሪ በየቀኑ ጉርሻ መጠየቁን ስለሚጠላ ኩባንያው ተስማማ። የአሜሪካው ተሳፋሪ ለምዶታል፤ ስለዚህ ይቀጥላል።

◾️ አገር ቤትስ?

አማርኛ ለቲፕ የመረጠው ቃል ጉርሻ ነው። በማዕድ ላይ ያለው ጉርሻ ፍቅር ነው። አጉራሹ በፈቃዱ ያጎርሳል፤ «አጉርሱኝ» ብሎ የሚለምን እንግዳ አይታይም። ጉራሹም ጉርሻውን እየጠበቀ አይራብም፤ ከፊቱ ሙሉ ማዕድ አለ። ማዕዱን አንሥቶ ሰውን በጉርሻ ብቻ ማሳደር ከጀመሩ ግን ቃሉ ያው ቢሆንም ነገሩ ተለውጧል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53፣ ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ጎኑ ግን ክፍት ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል። ወለል በሌለበት ቤት የካፌ ባለቤት ለአስተናጋጇ ከደመወዟ ይልቅ «ቲፑ ጥሩ ነው» እያለ ሥራውን ሊያስማማት ይችላል። የክሩዙን ኩባንያ የሚያማ ሰው ይህንንም አብሮ ይመልከት።

◾️ ምን ይደረግ?

ተጓዡ ዕለታዊውን ሂሳብ አያስነሣ። ወጪው የጉዞው ዋጋ አካል መሆኑን ቀድሞ ይደምር፤ ሁለት ኩባንያዎችን ሲያወዳድርም ከነጉርሻው ያወዳድር፤ ጉርሻውን በዋጋው ያካተተውን ቢመርጥ ደግሞ የተሻለ ነው። አስተናጋጁ 10 ስጡኝ ሲል ሥራውን በአግባቡ እስከሠራ ድረስ 10 ይስጠው፤ ከዚያ ባዶ በተተወው የአስተያየት ቦታ ላይ «ሠራተኞቻችሁን ማስለመን አቁሙ፤ ደመወዛቸውን በትኬቱ ውስጥ አስገቡ» ብሎ ይጻፍ። ከደመወዝ በላይ ልቡ የፈቀደውን መስጠት የሚፈልግም ይስጥ፤ ያ እውነተኛ ጉርሻ ነው።

መንግሥታትም ማምለጫ የላቸውም። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ወደ ወደባቸው የሚገቡትን የክሩዝ መርከቦች ወጥ ቤት እየገቡ ይመረምራሉ፣ ነጥብም ይሰጣሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በአሜሪካ ውኃ ላይ ላሉ የውጭ ባንዲራ የክሩዝ መርከቦችም እንደሚሠራ ወስኗል። ባንዲራው ተሳፋሪን ለመጠበቅ ሲሆን የማይከለክል ከሆነ፣ ሠራተኛን ለመጠበቅ ሲሆን የሚከለክልበት ምክንያት የፈቃድ ማጣት ብቻ ነው። የማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚለካ ተቆጣጣሪ የደመወዝ መዝገቡንም ገልጦ ማየት ይችላል።

እስከዚያው ድረስ በመጨረሻዋ ምሽት ጎንበስ ብሎ የሚለምነውን ሰው ያየ ሁሉ ማን እንዲለምን እንዳደረገው ይጠይቅ። የዚያ ሰው ስም በአስተናጋጁ ደረት ላይ የተለጠፈው አይደለም፤ በመርከቡ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው።