በሬ ሸጦ ማካሮኒ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በሰኔ ወር በሬውን ጎትቶ ደባርቅ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ ምን ነክቶት ነው? ሰኔ እኮ የእርሻ ወር ነው! ገብሱ የሚዘራው ያኔ ነው። ሞፈርና ቀንበር ከተሰቀለበት የሚወርደው ለዚያ ነው። በሬ ቢሸጥ ቢሸጥ በጥር ነው፣ እህል ከገባ በኋላ። በሰኔ በሬ የሚሸጠው ቤት ውስጥ የታመመ ወይም የሞተ ሰው ሲኖር ነው። ወይም ደግሞ... ልጅ ሲመረቅ።

የማውቀው አንድ ቤት የሆነው ይሄ ነው። ልጅየው ዲግሪውን ያዘ፤ አባት ደስ አላቸው (ማን ደስ አይለው?)። ከዚያ የድግሱን ሜኑ ለማውጣት ሦስት አካላት ተቀመጡ፦ ተመራቂው፣ አዲስ አበባ የምትኖረው እህቱ በስልክ፣ እና የጎረቤት ያለፈው ዓመት ድግስ። ሦስተኛው እንዴት ሆኖ ይቀመጣል ትሉኝ ይሆናል። እመኑኝ፣ ከሁሉም በላይ ሲናገር የነበረው እሱ ነው። እነ እከሌ ሁለት በግ አርደዋል፤ እኛ ሦስት። እነ እከሌ ማካሮኒ አቅርበዋል፤ እኛ ማካሮኒም ፓስታም፣ በዚያ ላይ ሰላጣ በማዮኔዝ። ቢራ በሳጥን፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ኬክ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጭኖ። እናትየው በመሐል «ጠላ ልጥመቅ?» ቢሉ፣ ልጅየው ምን አላቸው?

«እማዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ።»

እኔን ያናደደኝ ከበሬው ይልቅ ይቺ ቃል ነች። ደባርቅና ዳባት የገብስ አገር ናቸው። ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች በወጣችሁ ቁጥር ጤፍ እጁን ይሰጥና ገብስ ብቻውን ይቀራል። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የተባለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. እዚህ አገር ድረስ መጥቶ የእህል ዘር ሲለቅም፣ የገብሱ ዓይነት ብዛት አስደንቆታል። የካሊፎርኒያን ገብስ የሚያጫጭ ቫይረስ በገባ ጊዜ መከላከያ ሆኖ የተገኘው ባሕርይ የተወሰደው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ካሊፎርኒያ ያላፈረችበትን ገብስ የደባርቅ ልጅ አፈረበት!

ለመሆኑ ቢራውስ ከምን ተሠራና ነው? ከገብስ። ጎንደር የሚጠመቀው ቢራ ስሙን ከራስ ዳሸን ነው የወሰደው። የተራራው ስም ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ሳሎን ይገባል፣ የተራራው ጠላ ግን ጓዳ ይደበቃል።

ለቢራ አንድ ነገር አምንለታለሁ። ጠላ የሴት ጉልበት ይበላል። ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ መውቀጥ፣ እንኩሮ ማንኮር፣ ጋን ማጠን... አንድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ «ባህላችን ባህላችን» የሚለው ወንድ ደግሞ ጠጪ ሆኖ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ዲግሪ ያለው ክንድም ዘነዘና ያነሣል። ተመራቂው ጌሾውን ይውቀጥ፣ ጓደኞቹ ውሃ ይቅዱ። በነገራችን ላይ የዶሮ ወጥ ሽንኩርትስ ማን ሲልጥ ነው የሚያድረው?

አሁን ደግሞ ወደ ቀልዱ ልምጣ። ምርቃቱ ሰኔ ላይ ነበር። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ሦስት በግ ታርዶ፣ ቅቅል ከጥብስ ተደርድሮ፣ የንስሐ አባት ገቡና «ሽሮ አለ ልጄ?» አሉ። ሽሮ የለም! አሮጊቶቹ በሙሉ ጿሚ ናቸው። ሙስሊም ጎረቤቶች መጡ፤ በእነሱ እጅ ያልታረደ ሥጋ አይበሉ ነገር፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ መርቀው፣ ወጡ። እንግዲህ በሬ የተሸጠበትን ሥጋ ማን በላው? የልጅየው ጓደኞች። እነሱም ቢሆኑ ከቢራው በኋላ ነው የደረሱበት።

እኔ ብሆን ድፎ ዳቦ አስጋግራለሁ። የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ክክ ወጥ፣ ጎመን፣ የዚያው አገር ድንች። ቆሎ በሰፌድ፣ ጠላ ለሚጠጣ፣ ብርዝና ሻይ ለማይጠጣ። ቄሱም ሼኪውም አንድ ገበታ ላይ የሚቀመጡት ከዚህ ሌላ በየትኛው ሜኑ ነው? (ለምታበስሉ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ማታውኑ ዘፍዝፉት፣ ማገዶም ይተርፋችኋል።) ሥጋ ካልበላን ሞተን እንገኛለን ካላችሁ ደግሞ ሐምሌ 5ን ጠብቁና አንድ በግ። አንድ!

«አንዴ ለሚመረቅ ልጅ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ የምናወራው በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ስላለፈበት አገር ነው። ያኔ ደባርቅ ከአዲ አርቃይ በኩል በተፈናቀለ ሰው ተሞልታ ነበር፤ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ነሐሴ መጨረሻ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሰውም ከብትም ያለቀበት ነው። ያን ጊዜ «ገብስ ያሳፍራል» ያለ ሰው አልሰማሁም። ከዚያ ሁሉ የተረፈ በሬ ለማዮኔዝ አይሸጥም።

አባትየው አንድ በሬ ስለቀራቸው መቀናጆ ፈልገው አረሱ። ባለ ሌላው በሬ መጀመሪያ የራሱን መሬት ጨረሰ፤ ለእሳቸው ተራ ሲደርስ ሐምሌ ተጋምሶ ነበር፤ አንዱ ማሳ ሳይዘራ ቀረ። ልጅየው አሁን ጎንደር ሥራ ፍለጋ ላይ ነው፤ ቤት ተከራይቶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር። እናቱ ጋ ሲደውል ምን እንደሚጠይቃቸው ታውቃላችሁ? በሶ።