ሁለት ፈቃድ በአንድ ልብ

ማታ ማታ ልጆች በእሳት ዙሪያ ተሰብስበው ተረት ሲለምኑ፥ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ክፉውን ከበጎው የሚለይ አጭር ተረት ነግረው ያስተኟቸዋል። ይህ ደግ ነው፤ ነገር ግን ክፉና በጎ ተለይተው ሲቆሙ መምረጥ ለማንም አይቸግርም። ሰውን የሚያስጨንቀው ሁለት በጎ ነገሮች በአንድ ልብ ሲገናኙ ነው፤ የታሪክም ሥሩ ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ለምሳሌ ያኽል አንድ የዳንግላ ወጣት እናስብ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ወጣቱም አባቱ ባወረሱት ፈረስ በዚያ ሜዳ ሊጋልብ ይመኛል። የእኅቱ ሕመም ግን በርትቷል፤ የመታከሚያዋም ገንዘብ ከፈረሱ ዋጋ በቀር ከሌላ አይገኝም። ፈረሱን ሌባ ቢወስደው ተረቱ ሌባውን በመያዝ ያልቅ ነበር፤ ልጁ ራሱ ልጓሙን ይዞ በገበያው መንገድ ላይ ሲያመነታ ግን ጠባዩን እናያለን። ቢሸጠውም ባይሸጠውም የሚያጣው ነገር አለ።

ከእንጅባራ በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ማንኩሳ ትገኛለች። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስነሡት ከዚያ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ እርሱ ግን አድጎ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። የእናቱም ስእለት፥ የራሱም ፍቅር ይከብዱታል። ሰብለም የአባቷን ክብር ከልቧ ፈቃድ ጋራ ማስታረቅ ቢያቅታት ቤቷን ጥላ ወጣች። አንባቢ እስከ ዛሬ የሚያዝንላቸው፥ መርጠው የምርጫቸውን ዋጋ ስለ ከፈሉ ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ተረቱ ከማለቁ በፊት ጥቂት ቆም ብላችሁ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አንቺስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ሲመልስም «ስለ ምን?» በሉት እንጂ በፍርድ አትቅደሙት። እኅትና ወንድም ተለያይተው ቢከራከሩ ታግሣችሁ ስሙ። እናንተ በሌላችሁበት ከሁለት ደግ ነገር አንዱን ለመተው የሚገደዱበት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜ በእሳት ዳር የተለማመዱት ማሰብ ይረዳቸዋል።