በ«አጥብቀው!» ባዮች ላይ

አማርኛችን አንድ ድንቅ ጠባይ አለው። ፊደሉ ሳይለወጥ፣ ምልክት ሳይጨመርበት፣ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የቃሉ ትርጉም ሌላ ይሆናል። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር። «ዋና» ሲጠብቅ የነገሩ አውራ ነው፤ ሲላላ ውሃ ውስጥ ይገባል። የትኛው ይጥበቅ፣ የትኛው ይላላ የሚለውን ፊደሉ አይነግረንም፤ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ መርምሮ ይደርስበታል። ሁሉንም ቃል እያጠበቀ የሚያነብ ሰው ቢመጣብን «እንዴት ያለ ብርቱ አንባቢ ነው!» አንልም። እንስቅበታለን።

ታዲያ በንባብ የምንስቅበትን ሰው ሞተር ላይ ስናገኘው ስለ ምን እናከብረዋለን? መኪናውን በገዛ እጁ የሚጠግን ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ከኋላ ይቆምና «አጥብቀው! አሁንም አጥብቀው! አንድ ዙር ጨምርለት!» ይላል። ምክሩ ጀግንነት ይመስላል፤ ጥንቃቄም ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱንም አይደለም እላለሁ። ስንፍና ነው፤ መለካት ከሚባለው ድካም በጉልበት የማምለጥ ስንፍና።

ለመሆኑ ቡሎን እንዴት ይይዛል? ብዙ ሰው እንደ ምስማር ተቸንክሮ የሚይዝ ይመስለዋል። አይደለም። ቡሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብረት ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ሁለቱን አካላት አንድ ላይ ይጨምቃቸዋል። የሚይዘው እንደ ክራር ጅማት ስለ ተወጠረ ነው። ጅማቱን ከልክ በላይ የሚወጥር ደርዳሪ ምን እንደሚገጥመው መቼም ለእናንተ አይነገርም።

እዚህ ላይ እጃችን ያታልለናል። በቁልፉ ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በቡሎኑ ራስ ሥር ባለው ፍትጊያ ይጠፋል፤ 40 በመቶ ገደማውን የጥርሶቹ ፍትጊያ ይበላዋል፤ ቡሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ደረቅ የነበረው ጥርስ በዘይት የራሰ እንደሆነ፣ ያው ክንድ ያንኑ ያህል ቢገፋም ውጥረቱ እጅግ ይጨምራል። ጭነቱም ቢሆን ለጥርሶቹ እኩል አይከፋፈልም፤ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቻዋን ሲሶ ያህሉን ትሸከማለች። እርሷ ስትቆረጥ ሸክሙ ለቀጣይዋ ያልፋል፤ ከዚያ ለሌላዋ። ቁልፉ ድንገት እየቀለለ፣ ቡሎኑ እንደ ቅቤ እየለሰለሰ ሲመጣ አጥባቂው «ሊይዝ ነው» ይላል። ጥርሱ እየተበላ ነው።

ቮልስን ለምሳሌ እንውሰድ። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቷ ቢቆምም፣ አዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም እናያታለን፤ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ በገዛ እጁ ሊጠግናት የሚችል መኪና በመሆኗም ትወደዳለች። የሞተሯ ግንድ ከማግኒዥየም ቅይጥ፣ ቴስታታዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ የሚታሰሩበት ዘንግና ቡሎን ግን ብረት ነው። ብረት ከለስላሳው ጋር ሲታገል የሚበላው የማን ጥርስ እንደሆነ ግልጽ ነው። ከሥሯ የዘይት ማጥለያውን ክዳን የሚይዙ ስድስት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዳዶዎች አሉ፤ ልካቸው 7 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር በሆነች ቁልፍ ጫፍ ላይ የ7 ኪሎ ያህል ግፊት ነው፤ የክንድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ሥራ። «አጥብቀው!» ባዩ ግን በረጅም ቁልፍ ተንጠልጥሎ ዘንጉን ከነጥርሱ ከግንዱ ይነቅለዋል።

አጥባቂዎች ሆይ፣ የፋብሪካውን መልስ ስሙ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን የሚይዙት ዘንጎች ከግንዱ እየተነቀሉ ሲያስቸግሩ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ዘንጉን ማወፈር አልነበረም። ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 8 አቀጠነው፤ ለስላሳው ቀዳዳ ውስጥም የብረት እጀታ አስገባለት። ቀጭኑ ዘንግ ሞተሩ ሲግል አብሮ ይለጠጣል፤ ወፍራሙ ግን እምቢ ብሎ ጥርሱን ይነቅላል። መላው መቅጠንና መለጠጥ ሆነ እንጂ ድርቅና አልሆነም።

የ«አጥብቀው!» ታናሽ ወንድም «ሸፍነው!» ይባላል። ጥርሱ ከተበላ በኋላ የሚመጣው እርሱ ነው። ቡሎኑን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልላል፤ የሽቦ ፍላጭ ያለብሰዋል፤ ማጣበቂያ ይቀባዋል፤ አለዚያም ወፈር ያለ ቡሎን እየደበደበ ያስገባል። መኪናዬን ከአንድ ጋራዥ በተረከብሁ በሦስተኛው ወር ዘይት ልቀይር ከሥሯ ስገባ፣ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ማጣበቂያ ተለቅልቆ አገኘሁት። ጥርሱ ተበልቷል፤ የነገረኝ ግን የለም። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ልጆቼን ጭኜ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼበታለሁ። ያ ቡሎን ቁልቁለቱ ላይ ቢወድቅ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አልቆ ሞተሩ ይነክስ ነበር። ጥርስ በማንም እጅ ሊበላ ይችላልና መበላቱን ይቅር እላለሁ። ዝምታውን ግን ይቅር አልልም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እዚህ ግን ደባቂው ሌላ፣ በበሽታው የሚሞተው ሌላ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አለ፤ ምሥጢርም አይደለም። ቡሎኑ ሲለሰልስ ቁም። ንቀልና ተመልከት፤ በጥርሶቹ መካከል የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞ ከወጣ የተበላው ቀዳዳው ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ተራ ጥርስ ከሆነ በ8.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀጥ አድርገህ ታሰፋዋለህ፤ ለዚሁ በተሠራው ጥርስ ማውጫ አዲስ ጥርስ ትቆርጥበታለህ፤ ከማይዝግ ብረት ሽቦ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለውን፣ መካኒኮች ሄሊኮይል የሚሉትን ታስገባበታለህ። ጫፉ ከገጹ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ይበል፤ ማስገቢያ ምላሱም ተሰብሮ ይውጣ። የካንዴላ ቀዳዳ ከሆነ ብናኙ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይወርድ ማውጫውን ግራሶ ቀባው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቴስታታውን አውርዶ መሥራት ነው። እንዲህ የታደሰ ቀዳዳ፣ ጭነቱን ሰፋ ባለ ገጽ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ለስላሳ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ይጠነክራል።

«ይህ ሁሉ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ለባለሙያ ተወው!» የሚሉ አሉ። ስለ ዋጋው እውነት አላቸው፤ ቶርክ ሬንች የሚባለው ልክ ነጋሪ ቁልፍ ርካሽ አይደለም። ነገር ግን መዋስ አለ፤ ቶርኖ ቤት መውሰድ አለ፤ አጭር ቁልፍ መያዝም አለ። ዋናው ጥንቃቄ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም፤ ቡሎንን በጣት መጀመር ነው። ወደ ኋላ አዙረው፤ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ሲገናኝ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ወደ ፊት ሂድ። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የሆነ ቡሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ነውና ባለ 8 ይመስላል፤ የጥርሱ ርቀት ግን 1.41 ነው፤ የባለ 8ቱ 1.25። ጣት በሁለተኛው ዙር እምቢታውን ይሰማል። ረጅም ቁልፍ እምቢታ አይሰማም። ባለሙያነትም የሚታወቀው በዚህ መስማት እንጂ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማስታወቂያ አይደለም።

እኛ መጻሕፍት ወዳዶች ይህን የቅባት ወሬ «የጋራዥ ነገር» ብለን እንዳናልፈው እማጸናለሁ። በቋንቋችን «ልክ ነህ» ማለት «እውነት ተናገርህ» ማለት ነው። አማርኛ መለኪያንና እውነትን በአንድ ቃል አስሮ አስረክቦናል። ሳይለካ የሚያጠብቅና ተበልቶ የሚሸፍን ሁለቱም ከዚህ ቃል ይሸሻሉ፤ አንዱ በጉልበት፣ ሌላው በዝምታ።

ስለዚህ ከኋላችን ቆሞ «አጥብቀው!» ለሚለን ሰው መልሱ ክርክር አይሁን። ቀና ብለን አንዲት ቃል እንጠይቀው።

«እስከ ስንት?»