ግላኮማ የዓይን ግፊት ብቻ አይደለም
በሐኪሞችም ሆነ በሕሙማን ዘንድ የጸና አንድ አመለካከት አለ፦ ግላኮማ የዓይን ግፊት በሽታ ነው፤ ግፊቱ በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወረደ፣ ሕመምተኛውም በዕይታ መመርመሪያ ገበታው ላይ ያለውን ፊደል ካነበበ፣ ነገሩ አልቋል የሚል። አመለካከቱ መሠረት የለውም አልልም። ግፊትን መቀነስ በሽታውን እንደሚያዘገይ በጥናት የተረጋገጠ ሕክምና ነውና ጠብታውን ማንም እንዳያቋርጥ። ስሕተቱ ያለው ሕክምናው ግፊት ላይ ስላተኮረ በሽታውም ግፊት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ላይ ነው።

አንደኛ፣ ከፍተኛ ግፊት የበሽታው መለያ ሊሆን አይችልም። በጃፓን ታጂሚ ከተማ ተካሂዶ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ከተገኘባቸው ሰዎች 92 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከ21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም ነበር። ቁጥሩ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ ግፊቱ «ደኅና» የተባለ ሰው ነርቩ ሊሞት መቻሉ ግን አያከራክርም።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ከዓይን ያልፋል። አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ያሉት የዕይታ ነርቭ የማዕከላዊ ሥርዓተ ነርቭ አካል ነው፤ የሞተው ክር ተመልሶ አይበቅልም። በቶሮንቶ እነ ኒሩ ጉፕታ በ2006 ባወጡት ሪፖርት፣ ግላኮማ የነበረበት ሰው አንጎል ሲመረመር የዓይንን መልእክት የሚቀበለው የታላመስ ክፍልና የዕይታ ኮርቴክስ ተጎድተው ተገኝተዋል። «የነርቩን ሞት ተከትሎ የመጣ ነው» ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ተከትሎ መምጣቱ ጉዳትነቱን አያስቀረውም።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው፦ ፊደል የሚያነብ ደኅና ይራመዳል የሚለው። ፊደል የሚነበበው በዕይታ መሐል ነው፤ እግርን የሚመራው ግን ታችኛው የዕይታ መስክ ነው። ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ ዕይታን፣ የውስጠኛውን ጆሮና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን ስሜት አስተባብሮ ነው። ገበታውን እስከ ታች ያነበቡ እናት ከክሊኒኩ ሲወጡ ግድግዳውን ይዘው የደረጃውን ጠርዝ በጫማቸው ጫፍ ይዳብሳሉ። ልጃቸው «እርጅና ነው» ይላል። እርሳቸውም ጥቁር ነገር ስለማይጋረድባቸው የጎደለባቸውን አያውቁትም። በካናዳ ሃሊፋክስ የተሠራው የ2007 ጥናት ግን ዕድሜን ከግምት አስገብቶ እንኳ የግላኮማ ሕሙማን የመውደቅ ዕድል ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። በአውስትራሊያ በ2011 የታተመ ሌላ ጥናትም ታችኛው መስክ የጎደለባቸው ሕሙማን ይበልጥ እንደሚወድቁ አሳይቷል።

እናም የዓይን ሐኪሞቻችን፣ ግፊቱን ለክታችሁ ስትጨርሱ «እማማ፣ ዘንድሮ ወድቀው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታችኛውን የዕይታ መስክ መርምሩ፤ ልጃቸውንም የቤቱን ደረጃ ጠርዝ በነጭ ቀለም እንዲቀባ ንገሩት።