አረቄውን ማን ይለካው? ለማንስ?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኬሚስትሪ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ፈገግታቸውን በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ብልቃጥ ሳይሆን ስለ እናቶቻችን ነው። ከመካከላችን የቢቸናና የሞጣ ልጆች አሉ። የደብተራቸው፣ የዩኒፎርማቸው፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የመጡበት የአውቶቡስ ገንዘብ ሁሉ የተገኘው ከአረቄ ነው። ይህን መናገር የሚያሳፍረው ሰው ቢኖር፣ እኛን ግን አያሳፍረንም።

ከመካከላችን አንዱ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በሞጣ ከተማ ጎረቤቱ የነበሩትን አንዲት አረቄ አውጪ «እትዬ፣ ይህ አረቄ ደኅና መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ጥቂት ጠብታ በሳሕን ላይ አፍስሰው ክብሪት ጫሩ። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። «አየህ ልጄ፤ እሳት አይዋሽም» አሉት።

ይህን ቃል ብዙ ዘመን እንደ እውነት ይዘነው ኖርን። እሳቱ በእርግጥ አንድ እውነት ይናገራል፤ አረቄው ብርቱ ነው ወይስ ውሃ የበዛበት ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ደኅና ነው ወይስ መርዝ አለበት ለሚለው ግን መልስ የለውም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሚያሰክረው አልኮል ኢታኖል ይባላል። ሜታኖል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ሁለቱም ቀለም የላቸውም፤ ሁለቱም ይነድዳሉ። ክብደታቸው እንኳ አንድ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ አንድ ሊትር ኢታኖል 789 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ሜታኖል 792 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ክብሪቱ ቀርቶ፣ በፈሳሹ ላይ እየተንሳፈፈ የአልኮልን መጠን የሚያሳየው የመስታወት መለኪያም ሁለቱን አይለያቸውም። የሰው አካል ግን ይለያቸዋል። ሜታኖል በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ብርሃነ ዓይንን ያጠፋል፣ ነፍስንም ይነጥቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኢራን አገር በዚህ መርዝ ምክንያት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ፍርድ እንዳናጎድል አንድ ነገር እንጨምር። ሜታኖል በብዛት የሚገኘው ፔክቲን ከሚባለው የፍራፍሬ ንጥረ ነገር ነው። እናቶቻችን ግን አረቄውን የሚያወጡት ከእህል ነው። ጌሾውና ብቅሉ ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል፤ ድፍድፉ ሲደርስ በማሰሮ ተጥዶ እንፋሎቱ በሸምበቆ እየተመራ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይንጠባጠባል። በአግባቡ የወጣ የእህል አረቄ የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው። ዋናው አደጋ የሚመጣው አንድ ነጋዴ ለኢንዱስትሪ ሥራ የተሠራ አልኮል ገዝቶ፣ በውሃ አቅጥኖ፣ «የጎጃም ዳግም አረቄ ነው» ብሎ የሸጠ እንደሆነ ነው። በዚያን ጊዜ የሚታመመው ጠጪው ነው፤ ስሟ የሚጠፋው ደግሞ ምንም ያላጠፋችው አረቄ አውጪ ናት። ንጹሕ መሆኗን በምን ታስረዳለች? በክብሪት?

እዚህ ላይ ነው የብርሃን መለኪያ፣ ማለትም ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ጥበብ የሚያስፈልገን። ነገሩ እንደ ስሙ አስፈሪ አይደለም። በ1800 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኸርሼል የሚባለው የከዋክብት ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ሥፍራ፣ ቴርሞሜትሩ ከፍ ሲል አየ። ያ የማይታይ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። በመጠጥ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ክራር ጅማት የሚርገበገብበት የራሱ ቅኝት አለው። ኢንፍራሬድ ብርሃን በመጠጡ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሞለኪውሉ ከቅኝቱ ጋር የሚስማማውን ብርሃን ይውጣል፤ የቀረው ያልፋል። መሣሪያው የጎደለውን ብርሃን መዝግቦ የትኛው ጅማት እንደ ተመታ ይነግረናል። የኢታኖል ጉልህ ምልክት በሞገድ ቁጥር 1045 ገደማ ሲሆን፣ የሜታኖል ግን በ1020 ገደማ ነው። እሳት ያልለያቸውን ብርሃን ለያቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለቱ ቅኝቶች በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ውሃው በበኩሉ ይጮኻል፤ ጠላና ጠጅ ሲሆን ደግሞ ስኳሩና አሲዱ ይጨመራል። በገበያ ሁካታ መካከል የአንድን ሰው ድምፅ ለይቶ እንደ መስማት ነው። ስለዚህ ስታቲስቲክስ ይጠራል።

ስታቲስቲክስና መጠጥ የቆየ ዝምድና እንዳላቸው ስንቶቻችን እናውቃለን? በደብሊን ከተማ በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ይሠራ ነበር። በጥቂት ናሙና ብቻ ስለ ገብስና ስለ ቢራ እንዴት በእርግጠኝነት መናገር እንደሚቻል ሲመራመር፣ ዛሬ በየፋኩልቲው የምንማረውን የቲ ፈተና አገኘ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሲያወጣ የፈረመው «ተማሪ» ብሎ ነው። ያ ፊርማ ለእኛ ትልቅ ክብር ነው።

የብርሃኑን መዝገብ ለማንበብ በብዙ የሚሠራበት ሌላው ዘዴም የተገኘው ከኬሚስትሪ ቤት አይደለም። ኸርማን ዎልድ የሚባለው ስዊድናዊ የኢኮኖሚና የስታቲስቲክስ ሊቅ ለኅብረተሰብ ጥናት ብሎ ያወጣውን ስሌት፣ ልጁ ስቫንቴ ዎልድ ወደ ኬሚስትሪ ወሰደው። እንግዲህ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ከእኛ ሠፈር ብድር አለባቸው!

የዘዴው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ ብዙ ናሙና ይሰበሰባል። በየናሙናው ያለው የኢታኖልና የሜታኖል መጠን ጊዜ በሚፈጅ፣ ግን በታመነ የላቦራቶሪ ዘዴ ይለካል። ከዚያ የእያንዳንዱ ናሙና የብርሃን መዝገብ ከልኩ ጋር ተጣምሮ ለስሌቱ ይሰጣል፤ ስሌቱም የትኛው የብርሃን ጉድለት ከየትኛው ልክ ጋር እንደሚሄድ ይማራል። ከዚህ በኋላ አዲስ ናሙና ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ልኩን ይገምታል። ስሌቱ ግን እንደ ተማሪ ነው። የዓምናውን ፈተና መልስ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ የዓምናው ጥያቄ ከተደገመ መቶ ያገኛል፤ ጥያቄው ከተለወጠ ይወድቃል። ስለዚህ ስሌቱ ባላያቸው ናሙናዎች መፈተን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በውጭ አገር ውስኪ የተማረ ስሌት የቢቸናን አረቄ በትክክል ያነብባል ብሎ መታመን አይቻልም። የቢቸና ስሌት ከቢቸና ማሰሮ፣ የሞጣም ከሞጣ ማሰሮ መማር አለበት።

«ይህ ለእኛ አገር የማይደረስበት ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንት አያሌው ደበበ፣ መስፍን ረዲና ባግዋን ሲንግ ቻንድራቫንሺ በኢንፍራሬድ ብርሃንና በዚሁ ስሌት በእርሾ የሚዘጋጁ መጠጦችን የኢታኖል መጠን ለክተው፣ ጥናታቸውን በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዕውቀቱ በአገራችን አለ፤ ሰዎቹም አሉ። ለጎጃምም ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው።

ታዲያ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ መለኪያው ቢቸና የሚገባው ለማን ብሎ ነው?

የቢቸናና የሞጣ ሰው መለካትን በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ «ዛሬ ገመቱት፣ ነገ በቃላድ ይለኩታል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዱታል» ብሎ ሠጋ። ሞጣና ቢቸና የአመፁ ዋና ሥፍራዎች ሆኑ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። ያን ዘመን ያዩ አባቶች መለካት ማለት መወሰድ ማለት እንደ ሆነ ለልጆቻቸው አስተምረዋል። ዛሬ አንድ የማይታወቅ ሰው በእጁ መሣሪያ ይዞ ወደ አረቄ ቤት ቢገባ፣ እናቲቱ የምታስበው ስለ ሞለኪውል ሳይሆን ስለ ቀረጥና ስለ ቅጣት ነው። ማሰሮዋን ትደብቃለች። እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን እንደብቃለን።

ከዚህም ሌላ በራሳችን በተማርነው ላይ የምንሰነዝረው ወቀሳ አለ። ናሙና በጠርሙስ ይወሰዳል፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ አጥኚው ማዕረግ ያገኛል። ጠርሙሱን የሞላችው ሴት ግን ስለ አረቄዋ የተባለውን አንድ ቃል ሳትሰማ ትቀራለች። ይህ ክፉ ልብ ያመጣው አይደለም፤ ልማድ ነው። ቢሆንም ከሰው ወስዶ አለመመለስ በማንኛውም ቋንቋ ስሙ አንድ ነው።

ስለዚህ እኛ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ውጤቱ ከማንም በፊት ለአረቄ አውጪዋ፣ በአማርኛ፣ በቃልም በጽሑፍም ይነገራት፤ ስሟም ለማንም አይሰጥ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዓላማ ቅጣት ሳይሆን ምስክርነት ይሁን፤ አረቄዋ ንጹሕ የሆነላት ሴት ንጽሕናዋን ለገዢዋ የምታሳይበት ወረቀት ታግኝ። ሦስተኛ፣ የሳይንስ ተማሪዎች በምርምር ጊዜያቸው የየከተማቸውን ናሙና በፈቃድ ይሰብስቡ፤ እኛ የአርት ተማሪዎች ደግሞ ውጤቱን እናታችን በምትረዳው አማርኛ እንጽፋለን። በመዳፍ የሚያዝ የብርሃን መለኪያ በዓለም ገበያ ወጥቷል። መሣሪያው ወደ ገበያው ሊሄድ ይችላልና እናቲቱ ጀሪካን ተሸክማ ወደ ላቦራቶሪ የምትሄድበት ምክንያት የለም።

«አረቄን ከመለካት ይልቅ ማስቀረት አይሻልምን?» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ስካር ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኛም በሠፈራችን አይተናል፤ አናወድሰውም። ዳግም አረቄ ከመቶ አርባ አምስት እጅ ያህል አልኮል የሚይዝ ብርቱ መጠጥ ነው። ይሁን እንጂ ለእናቲቱ ሌላ እንጀራ ሳያዘጋጁ «ማሰሮሽን ስበሪ» ማለት ስብከት እንጂ መፍትሔ አይደለም። እስከዚያ ድረስ የሚጠጣው ሰው እንዳይታወር መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ደግሞም ብርሃኑ ሁሉን ያያል አንልም። ከበርሜልና ከብረት ቱቦ ወደ አረቄ የሚገባ እርሳስና መዳብ ቢኖር፣ የኢንፍራሬድ መለኪያ አይነግረንም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። የማያየውንም አብረን መናገር አለብን። ያን ጊዜ ነው የምንታመነው።

እሳት አይዋሽም ያሉት የሞጣዋ እናት አልዋሹም፤ የነበራቸው መለኪያ ያ ብቻ ነበር። የተሻለውን መለኪያ የያዝነው እኛ ነን። ይዘነው ዝም ያልን እንደሆነ ግን፣ ለጠፋው ዓይን ተጠያቂው የማያውቀው ሰው አይሆንም። እናትህ ወይም እናትሽ ከአረቄ ገንዘብ ቆጥረው ለላኳችሁ ሁሉ፣ ይህ የቤት ሥራ የእናንተም ነው።