«በካርታ እንዲህ ከሸወደኝ በትዳርስ?»

የቡሬዋ እህታችን ጭንቀቷን እንዲህ ጽፋልናለች፦ «ቅዳሜና እሁድን ከእጮኛዬ ጋር ፍኖተ ሰላም አሳለፍን። ሆቴል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ፖከር ስንጫወት አነጋን። እጁ ላይ ምንም ሳይኖረው ዓይን ዓይኔን እያየ ካርታዬን አስጣለኝ። ያ ፊቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ለሠርጋችን ካጠራቀምነው ብር ብዙው ሄደ፤ ከጓደኛው 4,000 ብር መበደሩንም ሰኞ ዕለት ከሌላ ሰው ሰማሁ...»

እህቴ፣ ፊቱን ተዪው! ከ52ቱ ካርታ አምስት አምስት ሲታደል፣ ግማሽ ያህሉን ጊዜ አንዲት ጥንድ እንኳ አትገኝም። ስለዚህ ፖከር ተጫዋች ሁሉ የሌለውን እንዳለው ያስመስላል። አንቺም ይህን አውቀሽ ነው የተቀመጥሽው። እኔን የከነከነኝ የሰኞው ወሬ ነው። እሁድ ከአንቺ ጋር ወደ ቡሬ ሲመለስ እኮ ጨዋታው አልቋል። ያን ጊዜ ለምን ዝም አለ?

ደግሞስ ከአንድ ቦርሳ እያወጣችሁ ለሁለት መቀመጥ ምን ይሉታል? አንቺ ብትበይው ከሠርግሽ፣ እሱ ቢበላሽም ከሠርጉ! (ካዚኖ ቢሆንማ ቤቱም ከየዙሩ ኮሚሽኑን ይቆርጥላችሁ ነበር።)

የጥሪ ካርድ ሳይታተም ለብቻችሁ ሁኑና «ስንት አለብህ? የማን?» በዪው። የቴሌብሩን ዝርዝር ራሱ ከፍቶ ካሳየሽ፣ ዕዳውን አብራችሁ ክፈሉ። «ምን አገባሽ?» ካለሽ ግን ሠርጉን አራዝሚው። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡም ይቆጡ። የሆነውን ጻፊልኝ።